ቀኝ እጅና ግራ ጆሮ

ይድረስ ለድሮ ወዳጄ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ጨጓራህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም በባዶ ሆድህ ሻይ እየጠጣህ ታናድደዋለህ? እኔ ደህና ነኝ። የጠመኔ ብናኝ እንደ ልማዱ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለብኝም። እናቴም ደህና ናት። ደብዳቤ እንደጻፍክልኝ አልነገርኳትም፤ ብነግራት አንተን ከመስደቧ በፊት እኔን ትሰድበኛለች።

ደብዳቤህ በትምህርት ቤቱ አድራሻ ደርሶኛል። ስልኬን ታውቀዋለህ፣ ቁጥሬንም አልቀየርኩም፤ ድምፅ ያሳብቃል ብለህ ፈርተህ ይሆናል። ጸሐፊያችን ፖስታውን ስታቀብለኝ የእጅ ጽሑፍህን ከሩቅ አወቅኩት። እውነቱን ልንገርህ፣ ማንም እንዳያየኝ ባዶ ክፍል ገብቼ ነው የከፈትኩት። ከዚያስ ምን አነበብኩ? መሥሪያ ቤትህ ወደዚህ ሰፈር እንዳዛወረህ፣ ልጅህ ለአንደኛ ክፍል እንደደረሰች፣ የእኛ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲመሰገን እንደሰማህ፣ ጥሩ ካልሆነ ግን በአውቶቡስ የሚያመላልስ የግል ትምህርት ቤት እንዳገኛችሁ። መጨረሻ ላይ ደግሞ፣ እውነቱን ንገሪን፣ አንቺ ያልሽውን እናደርጋለን ትላለህ። እኔ ያልኩትን! ያኔ ሂድ ሳልልህ ሄደህ፣ አግባ ሳልልህ አግብተህ፣ ዛሬ የኔ ቃል ከበደ።

ጽሑፉ ያንተ ነው፤ ጥያቄዎቹ ግን ያንተ አይደሉም። የሴት ልጆች መጸዳጃ ቤት ከውስጥ መቀርቀሪያ አለው ወይ ብሎ መጠየቅን ከየት ለመድከው? የሸሚዝህን ቁልፍ አዛንፈህ ቆልፈህ ስትወጣ እየመለስኩ የማስተካክልህ እኔ ነበርኩ። ከኋላህ ቆማ የምታስጽፍህ ሴት ቁልጭ ብላ ታየችኝና ቆሽቴ አረረ። ቅናት ነው ትል ይሆናል። አዎ፣ ቅናት ነው፤ ምን ይሁን?

እሺ፣ የሷን ጥያቄ ላንተ ልመልስ።

በስምንተኛ ክፍል ፈተና ከሞላ ጎደል ሁሉም ተማሪ ያልፋል። ይህ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ በቀይ ቀለም፣ በትልልቁ ተጽፏል። ያልተጻፈው፣ ይወድቃሉ ተብለው የተፈሩት አስቀድመው ሰባተኛን እንዲደግሙ መደረጋቸው ነው። አምና የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪ ለቀቀና ግማሽ ዓመት ሙሉ የስፖርት አስተማሪው ሸፈነለት፤ ልጆቹ ክፍልፋይ አይችሉም፣ ሩጫ ላይ ግን የሚደርስባቸው የለም። ቤተ ሙከራው ውስጥ ማይክሮስኮፕ አለ፤ እንዳይሰበር ተብሎ ከካርቶኑ ወጥቶ አያውቅም። ቤተ መጻሕፍቱ የሚከፈተው የንብረት ክፍሏ ሴትዮ ደስ ሲላት ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ስልሳ ልጅ ገደማ፣ ሦስት ሦስት ሆኖ ይቀመጣል። ውሃ ሲመጣ ይመጣል።

እንዲህም ሆኖ፣ ማንበብ ሳይችል ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ክፍል የሚያልፍ ልጅ እዚህ ብርቅ ነው። ይህን ለማሞካሸት አልጻፍኩትም፤ የግሎቹም ልጆቻቸውን በዓመት አጋማሽ ወደኛ ሲያመጡ አይቻለሁ። አንደኛ ክፍል ሁለት ነን። «ሀ»ን እኔ አስተምራለሁ፣ «ለ»ን ባልደረባዬ። እሷ ከኔ ትሻላለች። ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ያን ሁሉ ልጅ ጸጥ ታሰኘዋለች፤ እኔ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ እጮሃለሁ። በዚህም እቀናባታለሁ፤ ዘንድሮ የማልቀናበት ሰው የለም። ልጅህ ከመጣች «ለ» እንድትገባ ጠይቅ።

እዚህ ድረስ ጽፌ ልልክልህ ስል ሚስትህ መጣች።

ባለፈው ቅዳሜ ልጅ የሚያስገቡ ወላጆች ትምህርት ቤቱን የሚጎበኙበት ቀን ነበር። አስጎብኚዋ እኔ ነበርኩ። ከወላጆቹ መሃል ልጇን በእጇ የያዘች አንዲት ረጅም ሴት ነበረች። ክፍሌ ስንገባ ሌሎቹ ግድግዳ ተደግፈው ሲቆሙ እሷ የልጆቹ ዴስክ ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ አገጯ ጋ ደርሶ ራሷን ስታይ ሳቀች፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚህ ወንበር ሰሌዳው ያብረቀርቃል፣ መስኮቱ መጋረጃ ያስፈልገዋል አለችኝ። ስንት ዓመት ሳስተምር እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። ወደድኳት። ማን እንደሆነች ባውቅ ኖሮ አልወዳትም ነበር፤ ግን አላወቅኩም፣ ወደድኳት።

መጸዳጃ ቤቱ ጋ ስንደርስ ሌሎቹ አፍንጫቸውን ይዘው ከደጅ ተመለሱ። እሷ ገባች። በሮቹን አንድ በአንድ እየዘጋች ከውስጥ ስትቀረቅር ተሰማኝ። ወጥታ፣ ሦስተኛው አይይዝም አለችኝ።

ክው አልኩ። ከዚያ ስለ ውሃው ጠየቀች፣ ከዚያ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ልክ በደብዳቤህ ቅደም ተከተል። ልጅቷን ዝቅ ብዬ አየኋት። ቅንድቧ ያንተ ነው። እንዴት እስካሁን አላየሁትም!

እንግዲህ የሠራሁትን ስማ። እንዲሸሹ ብዬ የትምህርት ቤቱን ገመና ሁሉ ዘረገፍኩላት። ሰባተኛ ክፍል ስለሚደግሙት፣ ስለ ሒሳቡ፣ ስለ ካርቶኑ፣ ዝናብ ሲጥል ስለሚያንጠባጥበው ጣራ ሳይቀር ነገርኳት። ርዕሰ መምህሩ ቢሰሙኝ እዚያው ያሰናብቱኝ ነበር። እሷ ግን በተናገርኩ ቁጥር ይበልጥ ተጠጋችኝ። የግሉ ትምህርት ቤት ሰዎች ጉድለት ስንጠይቃቸው የለንም አሉን፤ እንዳንቺ ያለች ሐቀኛ አስተማሪ ካለችበት ሌላው ይስተካከላል ብላ እጄን ያዘችኝ። የምገባበት ጠፋኝ። እጇ ለስላሳ ነው፤ ይህንንም አየሁ።

የቀረው ልኬቱ ነበር። ልደታቸው በትክክል ያልተመዘገበ ልጆች ስለሚበዙ እኛ ዘንድ የቆየ አሠራር አለ። ልጁ ቀኝ እጁን በአናቱ ላይ አሻግሮ ግራ ጆሮውን ከነካ ለትምህርት ደርሷል፣ ካልነካ ለከርሞ ይመለሳል። ልጆቹ ብልጥ ናቸው፤ ጣታቸው ትንሽ ሲቀረው አንገታቸውን ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ፣ ጆሯቸው ወደ ጣታቸው ይመጣል። እኛም ያላየን መስለን እናሳልፋለን። ያን ቀን ባልደረባዬም እኔም ስንቱን እንዲህ አሳልፈናል። ልጅህም እጇን አሻገረች፣ ትንሽ ቀራት፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጆሮዋን ጫፉን ያዘችና ፈገግ አለችልኝ። አሳስቃኛለች፤ አልፈሻል ልላት አፌን ከፍቼ ነበር።

ያኔ ሚስትህ ከት ብላ ሳቀች። አባቷን ቁርጥ፣ እሱም ነገሩን ሁሉ ወደ ራሱ ማዘንበል ያውቅበታል አለች። ቀጥላ፣ ባለቤቴ እዚያ ስትሄጂ ሌላ ሰው አትጠይቂ፣ አንዲት አብራኝ የተማረች ልጅ አለች፣ እሷ አትዋሽሽም ብሎኛል፤ ገና ከበር ሳይሽ አንቺ እንደሆንሽ ገብቶኛል፣ የክፍል ጓደኛው ነበርሽ አይደል? አለችኝ።

የክፍል ጓደኛ! የኔ ጌታ፣ የት ክፍል ነው አብረን የተማርነው? አንተ የትምህርት ቤቱን አጥር ልትቀይስ መሣሪያህን ግቢያችን ውስጥ ስትተክል እኔ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነበር። ተማሪዎቼ አንተን ለማየት መስኮት ላይ ተንጠላጥለው ትምህርቱን አፈረሱብኝ። አጥሩ ካለቀ በኋላም የምትለካው አጣህ እንጂ መምጣቱን አልተውክም። ያ ሁሉ ዘመን፣ እናቴ ቤት የተቀመጥክበት፣ ሽማግሌ ልልክ ነው ያልክበት፣ ልመጣ ነው ልመጣ ነው እያልክ ሰርግህን ከሰው የሰማሁበት፣ ሁሉም ተሰብስቦ የክፍል ጓደኛ ሆነ። ለሷ ምንም አልሆንኩም ማለት ነው። ሚስት የምትቀናብኝ ሴት እንኳን መሆን አልቻልኩም።

ከአንገት በላይ ሳቅኩና፣ አዎ፣ አብረን ተምረናል አልኳት። ከዚያ ልጅህን እስቲ እንደገና አልኳት። እጇን ስታሻግር ጭንቅላቷን በሁለት እጄ ያዝኩና ቀጥ አደረግኩት። ጸጉሯ ሙቅ ነበር። ጣቷ አልደረሰም። ዘርግታ ዘርግታ አቃታት። ገና ናት፣ ለከርሞ ትመለስ አልኩ። ባልደረባዬ ከጎኔ ሆና ሁሉንም አየች።

ሚስትህ ፊቷ ጠቆረ፣ ግን ሕግ ሕግ ነው ብላ አመሰገነችኝ። አመሰገነችኝ! በር ላይ ሲደርሱ ልጅህ እጇን አስለቅቃ እየሮጠች ተመለሰች። ቀሚሴን ጎተት አድርጋ፣ ቲቸር፣ ጥፋቱ የእጄ ነው የጭንቅላቴ? ብላ ጠየቀችኝ።

መልሴን ቆማ ጠበቀችኝ፣ ጠብቃ ጠብቃ እናቷ ስትጠራት ሄደች። እሁድን እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቀኝ፤ እናቴን እንኳን ምን ነካሽ ማለት ሰለቻት።

ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቼ አንዲት ልጅ በልኬት እንደበደልኩ ነገርኳቸው። ተሳስተሽ ነው? አሉኝ። አይደለም፣ አውቄ ነው አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አዩኝና ለምን እንኳን ሳይሉ ትምጣ አሉ። ሦስተኛውን መቀርቀሪያ ዘበኛችን ጠግኖታል፤ ቆሜ ያሠራሁት እኔ ነኝ፣ ይህን ለሚስትህ ንገራት። ሌላውን የምትነግራት ወይም የምትደብቃት አንተ ነህ፤ ከኔ አፍ አይወጣም።

እንግዲህ አንቺ ያልሽውን ብለሃልና ይኸው ቃሌ፦ አምጧት። አታዘግዩ፣ ምዝገባው ሊዘጋ ነው። ጠዋት ጠዋት ግን እናቷ ታድርሳት፤ አንተ አጥሩን አትጠጋ። በየትኛው ክፍል ትመዝገብ ብለው ርዕሰ መምህሩ ሲጠይቁኝ ነግሬያቸዋለሁ። ባልደረባዬ ሰምታ ቀና ብላ አየችኝ።

አዲሱ ቤታችሁ የሰላም ይሁንላችሁ። ጨጓራህን ይማርልህ። ለባለቤትህም ጤና ይስጥልኝ፤ ይህችን አንዲት መስመር ለመጻፍ ብዙ ቀለም አባክኛለሁ። ልጅህ ትደግ፣ ትመንደግ፣ እጇም ይርዘም።

የልጅህ የአንደኛ «ሀ» አስተማሪ