ቢጫው ቅጠል በሽታ አይደለም

እታለም፣

«ቅጠሉ ለምን ቢጫ ሆነ? ታሞ ከሆነ ነቅለን እንጣለው» ስትይኝ ምክንያቱን ስላላወቅኩት ጮኽኩብሽ። እሱን እርሺው።

ዛሬ ችግኙ ላይ የተንጠለጠለውን ወረቀት ፊደል እየቆጠርኩ ራሴ አነበብኩት፤ ማንም አልረዳኝም! ሐዘልነት የሚባል የውጭ አገር የለውዝ ዛፍ ነው፤ ለጌጥ የሚተከለው ዓይነት። ወርቃማነቱ መልኩ ነው፤ ጤነኛ ነው።

የከሰዓት ፀሐይ ቅጠሉን ያቃጥለዋልና ከግድግዳው ጥላ አታዛውሪው። አፈሩ ሲደርቅ ብቻ አጠጪው፤ አደራሽን፣ ባሳዘነሽ ቁጥር ባልዲ እንዳትደፊበት።

ልጄ በሰላም ተገላግላለች! ሕፃኑን እንዴት እንደምታቅፈው እያሰብኩ ዕንቅልፍ አጣሁ፤ ስለዚህ እሷ ዘንድ እሰነብታለሁ።

ከጮኽኩብሽ በኋላ እንደማትነቅይው ነግረሽኛል፤ አምኜሻለሁ።

ያም ሆኖ እኔና ዶማው ሄደናል፤ አንቺና ዛፉ ቀርታችኋል።