ወንበር አጥተን ሰልፈኛ ሆንን

ለተከበሩ የወረዳችን የቅሬታ ሰሚ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። የቢሮዎ ደረጃ ጉልበትዎን አላደከመውም? ባለፈው ሲያስቸግርዎ የነበረው ጉንፋንስ ለቀቀዎት? እኛ በቀጨኔ ወንዝ ዳር የምንኖር እድርተኞች፣ ተመስገን ነው፣ ወደ ማዶ መሻገር ካለመቻላችን በቀር ለክፉ አይሰጠንም። እኔ የእድሩ ጸሐፊ አክሊል ጌቱ እባላለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ቢሮዎ ደጃፍ ላይ ከቆምነው ሠላሳ አራት ሰዎች መካከል መነጽሬን በክር ያሰርኩት ሰውዬ ነኝ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ወንዛችን ላይ የነበረው የእንጨት ድልድይ አርጅቷል ተብሎ በጥር ወር ፈረሰ፤ በአሥራ አምስት ቀን በኮንክሪት ይተካል ተባልን፤ ይኸው ሰኔ ተጋመሰ። መንደራችን መኪና ስለማይገባ፣ የታመመ ሰው ሲኖር በእድሩ ቃሬዛ ተሸክመን አስፋልት የምናደርሰው በዚያ ድልድይ ነበር። አሁን የቀረችን ዳገቱን የምትዞረው መንገድ ናት፤ እሷም ዝናብ ሲመታት እንኳን ቃሬዛ የተሸከመ ሰው ፍየልም አይቆምባት። ልጄ ሲና ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። ቀኗ ሐምሌ መጀመሪያ ነው፤ የመጀመሪያዋን በቀዶ ጥገና ስለ ወለደች ይህኛውን ቤት ለመውለድ እንዳትሞክር ሐኪሙ አስጠንቅቋታል። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። ይህን በጨዋ ቋንቋ የምጽፍበት ሌላ ዘዴ አላገኘሁም።

ስለዚህ እድሩ ተሰብስቦ እርስዎ ዘንድ እንዲመጣ ተወሰነ። ጥፋታችን እዚህ ላይ ነው። ጥሩንባ ነፊያችን ጋሽ መሳይ ሰው ሲሞት እንጂ ለሌላ ጉዳይ ነፍተው ስለማያውቁ እንደ ልማዳቸው በማለዳ ነፉት፤ እድርተኛውም ማን ሞተ እያለ፣ ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ወንዱ ጥቁር ኮቱን ደርቦ ግር ብሎ ወጣ። ነገሩ የድልድይ መሆኑን ሲሰማ፣ ልብስ ልቀይር ብሎ ወደ ቤቱ የሚመለስ ስላልተገኘ እንዳለ ወደ ቢሮዎ መጣ። እርስዎም በመስኮት ብቅ ብለው አይተውን ተመለሱ፤ በማግሥቱም ደብዳቤ ላኩልን። መልሴን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በቅድሚያ ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ቅሬታ ማለት ዜጋ ተቀምጦ፣ ቅጽ ሞልቶ፣ በጸጥታ የሚያቀርበው መሆኑን፤ ቆሞ ሲቀርብ ግን ሰልፍ እንደሚባል፤ በአንድ ዓይነት ልብስ ከሆነ ደግሞ የተደራጀ ተቃውሞ እንደሚሆን ገልጸውልናል። ስድሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን ሳላውቅ መኖሬ ያሳፍራል። ይሁን እንጂ ቢሮዎ ያለው አንድ አግዳሚ ወንበር ነው፤ በእሱም ላይ ዘበኛው ምሳ ዕቃውንና ካፖርቱን አስቀምጦበት ነበር። ሠላሳ አራታችንም ሰልፈኛ የሆንነው ወንበር አጥተን ነው። ለሠላሳ አራት ሰው መቀመጫ ቢገዛ፣ በወረዳችን ሰልፍ የሚባል ነገር ፈጽሞ ይጠፋል ብዬ በትሕትና እመክራለሁ።

፪. እትዬ ወለተማርያም ኧረ በሕግ አምላክ ማለታቸው ሁከት ተብሎ ተመዝግቧል። ሴትዮዋ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ድምፃቸው ከአጠገባቸው ካለው ሰው አያልፍም። በእሳቸው ዘመን በሕግ አምላክ የተባለ ሰው የሚሮጥም ቢሆን ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ሕግ ቤት ደጃፍ ላይ ሆኖ ሕግን መጥራት ነውር መሆኑን ማንም አልነገራቸውም፤ ይቅር ይበሏቸው።

፫. ጥሩንባችን የቅስቀሳ መሣሪያ ተብላ ቢሮዎ ቀርታለች። እስክትመለስ ድረስ ማንም እንዳይሞት ለእድርተኛው ማሳሰቢያ አውጥተናል። እስካሁን ሁሉም ታዛዥ ነው።

፬. ወደፊት ልንቃወም ካሰብን ከሁለት ቀን በፊት በጽሑፍ እንድናሳውቅ አዘዋል። ኧረ ክቡር ሆይ፣ እኛ መች ልንቃወም መጣን? ጥያቄ አለን ብንል የስብሰባውን ቀን ጠብቁ ተባልን፤ እሱም ሦስቴ ተላለፈ። አቤቱታ ብንል ማመልከቻው ወደ ሌላ ክፍል ተመራ፤ ክፍሉ ደግሞ ከተዘጋ ሰነበተ። አስተያየት ብለን ጽፈን ሳጥኑ ውስጥ ብንጨምር፣ የሳጥኑ ቁልፍ ጠፍቷል አሉን። ዝም ያልን እንደሆነ ደግሞ ነዋሪው ረክቷል የሚል ሪፖርት ወደ ላይ ይሄዳል፤ ይህንንም በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ በዓይኔ አንብቤአለሁ። የቀረን ማጉረምረም ነው፣ እሱም ድልድይ አይሠራም። አባቶቻችን ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይሉ ነበር። እኛ ግን ደጃዝማችነቱን ለእርስዎ ትተናል፤ የምንፈልገው ስምንት ሜትር ድልድይ ነው።

እንግዲህ ውድ ጊዜዎን አልሻማም። በመስኮት ስላየን ዓይንዎ፣ ሳይሰለቹ ስላስተማሩን ቃላት፣ አምስት ወር ሙሉ ስላልነኩት ወንዛችን ምስጋናችን ወደር የለውም። አምላክ ዕድሜና ጤና፣ ከዚያም ተርፎ ሥራ ይስጥዎት።

ደጅዎን መጥናት የማይታክተው፣
ከአክብሮት ጋር
አክሊል ጌቱ
ከቀጨኔ ወንዝ ማዶ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ምጥ እንደ ስብሰባ አይተላለፍም። ልጄን ምጥ የያዛት ቀን እኔና ሰባት ጎረቤቶቼ ቃሬዛዋን ትከሻችን ላይ አድርገን ውኃው ውስጥ እንገባለን። ትናንት ከዝናቡ በኋላ ገብቼ ለካሁት፤ እስከ ደረቴ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ እግሬ መሬት አላገኘም። ውኃው ቢወስደን መንደሩ እሪ ይላል፤ እሪታው ምን ተብሎ እንደሚመዘገብ እርስዎ ያውቃሉ። ከሁለት ቀን በፊት አሳውቁ ባሉት መሠረት ግን፣ ይኸው ዛሬ አሳውቄአለሁ።