ከመኪና ተነቅላ ወደ ቢሮዎ ስለገባችው ወንበር

ለተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? በተለይም ወገብዎ እንደምን ሰነበተ? ጤናዎ የተሟላ፣ መቀመጫዎም የተመቸ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከአገሬ ርቄ በመኪና የውስጥ ዕቃ መሥሪያ ስፖንጅ እየቀረጽሁ፣ ፋይበር ግላስ በሙጫ እየደራረብሁ የምኖር ወጣት ነኝ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል ስላላለፈ ቃል ብስት እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ፣ ከሥራዬም እንዳያስባርሩኝ አስቀድሜ እለምናለሁ። ምስጋናዬም የሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ጋሼን ከአደጋ ስላተረፉልኝ። ጋሼ የምላቸው ሙያውን ያስተማሩኝን፣ ባዳነቴን ሳይቆጥሩ ከቤታቸው ያስገቡኝን ሰው ነው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ተጣሞ ከገጠመ ወዲህ ተራ ወንበር ላይ መቀመጥ አይችሉም ነበር። ስለዚህ በላስቲክ የተሸፈነ እርጥብ ጀሶ ላይ አስቀምጬ የገላቸውን ቅርጽ ወሰድሁ። ጀሶው ሊጠነክር ሲል አስነጠሳቸውና በግራ በኩል አንዲት ጉብታ ቀረች። ስፖንጁን ስቀርጽ ጉብታዋን ላጠፋት ቢላ ባነሣ፣ «ተው አንተ፤ ማስነጠሴም የራሴ ነው» አሉኝ። መኪናቸው ውስጥ በገጠምኋት በዚያች ወንበር ተቀምጠው ከባለቤታቸው ከእትዬ ጋር በየምሽቱ ዞር ዞር ይሉ ነበር፤ ከቤት የሚወጡትም በእርሷ ብቻ ነበር። መርማሪዎችዎ ግን ፋብሪካ ያልሠራው ወንበር አደገኛ ነው በማለት ነቅለው አስቀሯት። እውነትም ከዚያ ወዲህ ጋሼን የመኪና አደጋ አላገኛቸውም፤ መስኮት ሥር ተኝተው የቆመች መኪናቸውን ሲያዩ ከርመው ዐረፉ።

ሁለተኛ፤ ስለ ጨዋታ ዐዋቂነታችሁ። በነቀሏት ዕለት እዚያው እንድትመለስልን ስንለምን አንደኛው መርማሪ «ይሄ ወንበር ነው አልጋ? ሽማግሌው ቤታቸውን ጭነው ነው እንዴ የሚዞሩት?» ብሎ ባልደረቦቹን አሳቀ። ጋሼም አብረዋቸው ሳቁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እርሳቸው መሳቃቸው ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ዕቃ አያያዛችሁ። ወንበሯ ተቃጥላለች ተብሎ ተነግሮን ነበር። ከቀብሩ በኋላ ግን እትዬ «ልጄ፣ አመዷም ቢሆን ፈልግልኝ። ፎቶው ላይ እንደ እስረኛ ነው የሚያፈጥጠው፤ ሰውዬው ያለው እዚያች ወንበር ላይ ነው» ስላሉኝ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። እርስዎ ለምሳ ወጥተው በሩ ክፍት ነበር። ወንበሯ የሚሽከረከር እግር ተበይዶላት ከጠረጴዛዎ ኋላ ቆማለች። በግራዋ በኩል ዳሰስኋት፤ ጉብታዋ አለች። ጸሐፊዎ «ማንን ፈልገህ ነው?» ስትለኝ የጋሼን ስም መጥራት አቃተኝና «ተሳስቼ ነው» ብዬ ወጣሁ።

ክቡርነትዎ፣ አዲስ ወንበር ካስፈለገዎ ጀሶዬን ይዤ እመጣለሁ፤ የእርስዎንም ገላ ከጋሼ ባላነሰ ጥንቃቄ እቀርጻለሁ። ይህቺን ብቻ ለእትዬ ይመልሱላቸው።

ይህንን ደብዳቤ በምቾት ተቀምጠው እንደሚያነቡት በመተማመን፣ ከመሬት ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
ስፖንጅ ቀራጩ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በግራ ጎንዎ የሚጎረብጥዎት ነገር ቢኖር ሐኪም አያስቸግሩ፤ ወንበሯም አልተበላሸችም። ሰው አላት።