ለውብነሽ ዕረፍት የቆምሁት ሙግት

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለውብነሽ። ባሕር ማዶ ያለሽውን የጋይንት አምላክ ይጠብቅሽ። የሰማሽ ላልሰማ አሰሚ! ቀዩ አውራ ዶሯችን ጎረቤት ኮብልሎ፣ በሦስተኛው ቀን በሽምግልና ተመልሷል።

ትንሹ ወሬ ደግሞ ይኸውልሽ። «ኮሌጁን ጨርሼ፣ ለሕግ ትምህርት ቤት ከማመልከቴ በፊት አንድ ዓመት ላርፍ ነው» ያልሽበት ደብዳቤ ሲነበብ፣ እናትሽ ስንዱ «ልጄ ሰነፈችብኝ!» ብላ ለዳኛው ለአቶ አስማረ ከሰሰችሽ። ከቅዳሴ በኋላ ዛፉ ሥር ተሰየምን። እኔም ከእናትሽ ጋር አንድ ጉንዶ ሙሉ ማር ተወራርጄ ጠበቃሽ ሆንሁ።

«ስንዱ፣ የገብሱን ማሳ ዓምና ለምን ጦም አሳደርሽው?» አልኋት።

«ደክሞት ነዋ፣ አባቴ!»

«የልጅሽ ራስ ከማሳው ያንሳል?»

«ማሳውንማ ሲያርፍም አየዋለሁ፤ እሷን በምን ልያት?» ብላ እንባዋ መጣ።

አቶ አስማረም «ውብነሽ ዓመቱን ትረፍ፤ የምታርፈው ግን እናቷ ዘንድ ነው» ብሎ ፈረደ። ረታሁ፤ ማሩም የእኔ ሆነ።

ይግባኝ እንዳትይ፤ መንገድሽን መልአኩ ይምራው።

እውነቱን ልናዘዝና ልተኛ፦ አስማረ የፈረደው «ትረፍ» ብሎ ብቻ ነው። «እናቷ ዘንድ» የሚለውን የጨመርሁት እኔ ነኝ። ማሩን ግን ሳትመጪ አልከፍተውም።

አያትሽ ዋለ
አርብ ገበያ፣ ግንቦት ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.