ወደ ግድግዳ ስላዞሩልን ጠረጴዛዎች

በየስብሰባው «አንድ ቤተሰብ ነን» ለሚሉን፣ እጅግ ለተከበሩ ርእሰ መምህራችን፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ የሦስተኛ ክፍል የቋንቋ መምህርቷ ደህና ነኝ ልል ነበር። ቢሮዎ መጥቼ ጊዜዎን ከምሻማ ብዬ በአደባባይ መጻፌን እንደ ትጋት ይቁጠሩልኝ።

አንደኛ፣ ወሬ ሥራ ያስፈታል ብለው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ያለውን ጠረጴዛ ሁሉ ወደ ግድግዳ ስላዞሩልን፣ ከፊቴ ያለውን የተላጠ ቀለም የተማሪዎቼን መልክ ያህል ለይቼዋለሁና ምስጋናዬ ይድረስዎ። ምሳችንን በየተራ እንድንበላ ማዘዝዎም ብልህነት ነው፤ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ያሉት አባቶች የግል ትምህርት ቤት አስተዳድረው አያውቁም።

ሁለተኛ፣ ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እኔ ግን እየነቀዝኩ ነው። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የመመሪያዎ አይደለም። በዚህ ግቢ «ቲቸር፣ ዛሬ ምን ሆነሻል?» የሚሉኝ የስምንትና የዘጠኝ ዓመት ልጆች ብቻ ናቸው፤ እነሱንም ዝም በሉ እንድል ታዝዣለሁ።

ሦስተኛው ምስጋና አይደለም። ጀርባ ለጀርባ የምንቀመጠው የሂሳብ መምህር ጥቂት ቀን ቀርቶ ሲመለስ ጉንፋን ይዞት የከረመ መስሎኝ፣ ዘወር ሳልል እጄን ወደ ኋላ ዘርግቼ ጠመኔ ተቀበልኩት። አመሰግናለሁ ስለው ዝም ቢለኝ፣ ኮራብኝ ብዬ ተቀየምኩት። ለካ እናቱን ቀብሮ መምጣቱ ነበር። እኔ የሰማሁት ከሳምንታት በኋላ፣ ልጇን ልትወስድ ከመጣች ወላጅ ነው። ያጽናህ ልለው ስሮጥ ሥራውን ለቆ፣ ጠረጴዛው ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ደረስኩ። ፊቱን አንድ ጊዜ ባየው ኖሮ አውቅ ነበር። እስከዛሬ ያንገበግበኛል።

መምህራን ለምን ይለቃሉ እያሉ ሲገረሙ እሰማለሁ። እኔ ማስተማር እወዳለሁ፣ መልቀቅም አልፈልግም፤ ግን ቀጣዩ ወር ላይ እዚህ መኖሬን እንጃ። የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ጠረጴዛዎቹን ያዙሩልን። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው፣ ለእርስዎም ወጪ የለውም።

ፊቴ ወደ ግድግዳ ስለሆነ በጀርባዬ እጅ እየነሳሁ፣ ለሰጡኝ ጸጥታ ሁሉ ባለውለታዎ ሆኜ እቀራለሁ።

የሦስተኛ ክፍሏ መምህርት

ማሳሰቢያ፦ ከግርጌ የእኔ ፊርማ ብቻ መኖሩን አይተው ሌሎቹ ደስተኞች ናቸው እንዳይሉ እሰጋለሁ። ደስተኞች ይሁኑ አይሁኑ አላውቅም፤ እንዳልጠይቃቸው ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት።