ወንዶቹ ሁሉ ዝም ያሉ ዕለት

ይድረስ ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እህቴ ለሱንቫ፤

ከሰላምታው በፊት ኑዛዜ ይቅደም። እኔ ኃጢአተኛው ወንድምሽ ብራንዱር፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ የሚከተለውን እናዘዛለሁ፦ ባለፈው እሑድ፣ ጉባኤው ሁሉ በጌታ ማዕድ ዙሪያ አንገቱን ደፍቶ በተቀመጠበት በዚያ ቅዱስ ዝምታ መካከል፣ በሽማግሌው በዳንያል ቀኝ ጆሮ ውስጥ የበቀለውን ፀጉር ቆጥሬአለሁ። ሃያ ሦስት ነው። አራቱ ገና አልሸበቱም። ጥፋት መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ዝምታው ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ስለፈጀ፣ ወደ ግራ ጆሮአቸው አለመሻገሬ እንደ ትዕግሥት ይቆጠርልኝ።

አሁን ወደ ሰላምታው። እህት ዓለም፣ ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጤናሽስ? ያ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ሌሊት ያስነሣሻል? ባልሽ ሞርተንስ ሥራው እንዴት ይዞታል? ሕፃኑ ጥርስ አበቀለ? ኦልቦርግስ ነፋስ አለ? እማዬ «የዴንማርክ ሰው ነፋስ የሚለው እኛ ትንፋሽ የምንለውን ነው» ትላለች። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት። ትንሿ እህታችን ማርዩን የፊት ጥርሷ ወልቆ በፉጨት ታወራለች እንጂ ደህና ናት። አባዬም ደህና ነው። አያታችን ሃኑስም ደህና ናቸው፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ ደህና ናቸው፤ የእኔም መከራ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

እናንተ ከሄዳችሁ ወዲህ ዓሣው ጭራሽ ጠፋ፤ መርከቦቹም ወደቡ ላይ ታስረው ዝገት ይበላቸዋል። እዚህ ያለ ወንድ ሁሉ ሥራ ፈቷል። ድሮ ወንዱ ማን እንደሆነ ባሕሩ ይለይ ነበር፤ ሰውም አርፎ ይቀመጥ ነበር። አሁን ባሕሩ ሥራውን ሲያቆም መለኪያው ሁሉ ተሰብስቦ ጸሎት አዳራሹ ውስጥ ገባልሽ። ከእሑድ እስከ እሑድ ወሬው «ክርስቲያን ወንድ ማለት» ብቻ ሆኗል። አጎታችን ያስፑር «ክርስቲያን ወንድ ማለት ድምፁ ከሞተር በላይ የሚሰማ ነው» ይላል፤ ሞተሩን ከሸጠ ዓመት ሞላው። ዳንያል «ክርስቲያን ወንድ የቤቱ ራስ ነው» ይላሉ፤ ይህ የቤት ራስ ግን ካልሲው የት እንዳለ ሚስቱን ፍሬድሪካን ሳይጠይቅ ከአልጋ አይወርድም። አያታችን ደግሞ «ወንድ ወንድ የሚሆነው በእግዚአብሔርና በሰው ፊት ቆሞ አፉን የከፈተ ለታ ነው» ይላሉ። ይህን ሲሉ ዓይናቸው የሚያርፈው እኔ ላይ ነው።

ኦገስት ላይ ከተጠመቅሁ ወዲህ እንዲህ ናቸው። የዚያን ቀን ከባሕሩ ስወጣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ዳር ላይ ቆመው የትኛው መዝሙር ይዘመር እያሉ ሲከራከሩ፣ አባዬ ኮቱን ከፍቶ ከነውኃዬ ወደ ውስጥ አስገባኝ። እንግዲህ ተጠምቄአለሁና በጉባኤ መነሣት አለብኝ። ሞርተን እዚህ የመጣ ጊዜ «ቄሱ የታሉ?» ብሎ ሲጠይቅ የሳቅነውን ታስታውሻለሽ። እናንተ ጋ ቄሱ በደመወዝ ስለሚናገሩ ሌላው ሰው ተኝቶም ይድናል። እኛ ጋ ግን መንፈስ ያነሣሣው ወንድ ይነሣል፣ ስለ ኅብስቱ ያመሰግናል፣ ይቆርሳል። ሴቶች ዝም ይላሉ። ወንድ ካልተነሣ ኅብስቱ ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ይደርቃል።

አባዬ በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ተነሥቶ አያውቅም። ምላሱ ያዝ እንደሚያደርገው እያወቁ፣ ሰው በገዛ ፈቃዱ ዝም እንዳለ አድርገው ያወሩበታል። ገበታ ላይ እንኳ «ስ… ስ…» ብሎ ሲጀምር ያስፑር «ስኳር!» ብሎ ቃሉን ከአፉ ይነጥቅና ስኳሩን ያቀብለዋል። የፈለገው ስጎውን ነበር። አባዬ ግን ሰው እንዳያፍር ብሎ ጥብሱ ላይ ስኳር ነስንሶ ሲበላ በዓይኔ አይቻለሁ። እሑድ እሑድ በሩ ጋ፣ ካፖርት መስቀያው ሥር ይቀመጣል፤ ሽማግሌዎቹም ከካፖርቶቹ ጋር ነው የሚቆጥሩት። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኅብስት ቅዳሜ ማታ የሚጋግረው ግን እሱ ነው። ዕድሜ ልኩን የመርከብ ምግብ አብሳይ የነበረ ሰው ነው፤ ዳቦ ያውቃል።

ከሁለት ሳምንት በፊት እራት ላይ አያታችን ሹካቸውን ወደ እኔ ቀስረው «አባትህ ሳማል በዚህ ቤት ላይ ያጎደለውን አንተ ሙላው። የተነሣህ ዕለት ከእኔ ጎን፣ ከፊት ትቀመጣለህ» አሉኝ። አባዬ እዚያው ነበር፤ ድንች እየላጠ ነበር። ቢላዋው ቆመ። ከዚያ ቀጠለ። ልጦ ልጦ ድንቹ ብይ እስኪያክል ድረስ ላጠው። እኔም በዚያች ድንች ቆረጥሁ፤ አልነሣም! እምነት አጥቼ አይደለም፣ ሱንቫ። ለጌታ የምለው አላጣሁም፤ በየቀኑ እነግረዋለሁ፤ አብዛኛው አቤቱታ ነው። ግን በአባዬ ትከሻ ላይ ወጥቼ ወንድ አልባልም።

«አባዬ ሳይነሣ እኔ አልነሣም» አልኋቸው።

«አንተ ግትር! በማን ወጥተህ ነው?» ብለው ጮኹ።

እማዬ ከሹራብ ሥራዋ ቀና እንኳ ሳትል «እኔ እንጃ፣ እዚህ ቤት ግትር ሰው አይቼ አላውቅም» አለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ገመድ አምጣ ተብዬ ጀልባ ቤት ገብቼ ሳለሁ ሦስቱ ወንዶች ተከታትለው ገቡ። ከጀልባው ኋላ አጎንብሼ ቀረሁ። አያታችን «ነገ ማንም እንዳይነሣ። ልጁ እስኪነሣ አፋችንን እንዘጋለን» ሲሉ ሰማኋቸው። ያስፑር «ባይነሣስ?» አለ። «ይነሣል። አሥር ደቂቃ አይችልም» አሉት። ዳንያል አንገታቸውን እያከኩ «እኔ ራሴ አሥር ደቂቃ ዝም ብዬ አላውቅም» አሉ። «እንግዲህ ዛሬ ማታ ተለማመዳ!» አሏቸው አያታችን። ከዚያ ሦስቱም እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። መንፈስ ነው የሚያነሣሣው ሲሉን ኖረው፣ መንፈስን ጀልባ ቤት ውስጥ ሲቀጥሩት አየሁ። የሳቅሁትን ሳቅ እጄን ነክሼ ነው የዋጥሁት። ደግሞም ተናደድሁ።

እሑድ ደረሰ። መዝሙር ተዘመረ፤ ከዚያ ዝም። አሥር ደቂቃ። ሃያ ደቂቃ። የያስፑር ሆድ አንድ ጊዜ ጮኸና ማርዩን «ሞተሩ ተነሣ» ብላ በፉጨቷ ተናገረች፤ እማዬ አፏን ያዘቻት። ሠላሳ ደቂቃ ሲሆን በመስኮቱ በኩል ከእነዳንያል ወጥ ቤት ጥቁር ጭስ ሲወጣ ታየ። የእሑዱ የበግ ጥብስ ነው። ፍሬድሪካ ባሏን አየች። ባሏ ጣራውን አዩ። ፍሬድሪካ እንደገና አየቻቸው። ዳንያል ጣራው ላይ ጥቅስ የተጻፈ ይመስል አፍጥጠው ቀሩ። ያን ጊዜ ባርኔጣዋን አስተካክላ፣ ቦርሳዋን አንሥታ፣ ተነሥታ ወጣች። ስለዚህ ለታሪክ ይመዝገብልኝ፦ በዚያ እሑድ መጀመሪያ የተነሣችው ሴት ናት።

አርባ ደቂቃ ላይ እያሸነፍሁ መሰለኝና ደስ አለኝ። ጆሮ ፀጉር የቆጠርሁትም ያኔ ነው። ከዚያ ግን ዓይኔ ወደ አያታችን ዞረ። የጌታን ማዕድ ሳይቀምሱ እህል በአፋቸው እንደማይገባ ታውቂያለሽ፤ ሐኪሙ ስኳራቸው እንደሚወርድ ስንት ጊዜ ነግሯቸዋል። ፊታቸው ሰም መስሏል። ግንባራቸው አልቦታል፤ ጉልበታቸው ላይ ያረፈው እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሱንቫ፣ ሽማግሌው የገዛ ሴራቸውን ማቆም አቅቷቸው ነበር! ቢነሡ ተሸነፉ፤ ባይነሡ መውደቃቸው ነው። ሁለቱ ጓዶቻቸው ደግሞ ቃላችንን እንጠብቃለን ብለው እግራቸውን እያዩ ተቀምጠዋል። ጨዋታው ሁሉ ከሆዴ ወጣ። ብነሣ አባዬን ለዘላለም ከካፖርቶቹ ጋር መተው ነው። ባልነሣ አያቴን መግደል ነው። ጉልበቴ ከወንበሩ ከፍ ሲል ተሰማኝ።

ከኋላዬ የካፖርት መስቀያው ተንኳኳ።

አባዬ ነበር። በወንበሮቹ መካከል አልፎ ጠረጴዛው ጋ ቆመ። አፉን ከፈተ። «ጌ… ጌ… ጌ…» አለ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ። ያስፑር ሊጨርስለት አፉን ሲከፍት አያታችን ያቺን የምትንቀጠቀጥ ጣታቸውን አነሡ፤ ያስፑርም አፉን ገጠመ። ጠበቅን። ቃሉ አልወጣም። አባዬ አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰ፤ አፉን ዘጋ። ኅብስቱን አነሣ፣ ቆረሰ፤ ቀጥ ብሎ ሄዶ በአያታችን መዳፍ ላይ አስቀመጠና ለሕፃን እንደሚደረገው ጣቶቻቸውን በላዩ ላይ አጠፈላቸው።

ዳንያል «ወንድሞች፣ ምስጋናው እኮ አልተነገረም!» አሉ። በሹክሹክታ መናገራቸው ነበር፤ ግን ጆሮአቸው ስለማይሰማ ሹክሹክታቸው ወደብ ድረስ ይደርሳል።

አያታችን አኘኩ። ዋጡ። «ተነግሯል» አሉ። «ዳንያል፣ መስሚያህን አስተካክል።»

ኅብስቱ ዞረ። ከኅብስቱ በኋላ ጽዋው አለ፤ ለጽዋውም አመስጋኝ ያስፈልጋል። ተነሣሁ። አባዬ ቀድሞኛልና ከእሱ ቀጥሎ መነሣት አላሳፈረኝም። «ጌታ ሆይ፣ ስለ ጽዋው እናመሰግንሃለን፤ ዳቦውን ስለጋገረውም ሰው እናመሰግንሃለን፤ አሜን» ብዬ ተቀመጥሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ድምፄ መካከል ላይ ተሰብሮ እንደ ግልገል ጮኸ። በያስፑር መለኪያ ከሆነ ከልብስ ስፌት መኪናም በላይ አልተሰማሁም። አባዬን ዞሬ አላየሁትም። እማዬ ግን መነጽሯን አውልቃ ስትጠርግ አይቻለሁ።

ይቅርታ የጠየቁ መስሎሽ ከሆነ አያታችንን ረስተሻቸዋል። ምሳ ላይ የመጀመሪያ ቃላቸው «ዳቦው ዛሬ ጨው በዝቶበታል» ሆነ። አባዬ ሌላ ቁራሽ ቆረጠላቸው። ሦስት በሉ። እኔን ደግሞ «ያንተ አጭር ነበር» አሉኝ። ሰኞ ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት ተሰብስበው የሆነው ነገር በሥርዓት ነው ወይስ ያለ ሥርዓት እያሉ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተከራከሩ። በመጨረሻ ዳንያል ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ሳማል ከጀመረ አይቀር፣ በሚመጣው እሑድ አሥር ደቂቃ ቃል ያካፍለን!» ማንቆርቆሪያውን ልወረውር ምንም አልቀረኝም። ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ተቀምጠው አንዲት ነገር አልገባቸውም! አያታችን ግን «ተወው» አሏቸው። «ሳማል ይቁረስልን። ማውራቱን እንደሆነ እኛ እንችልበታለን።» ይህን ሲሉ አባዬን አላዩትም፤ መስኮቱን ነው ያዩት። ከእሳቸው ይህን ያህል ከተገኘ ይበቃል ትላለች እማዬ። እኔ አይበቃኝም፤ ግን ማን ጠየቀኝ?

አያታችን አባዬን «ከፊት ና» ቢሉትም ራሱን ነቀነቀ፤ በሩ ጋ ይሻለዋል። ስለዚህ በሚመጣው እሑድ እኔም ወንበሬን ይዤ ካፖርቶቹ ሥር እሄዳለሁ። ይህን ገና ለማንም አልተናገርሁም፤ የአያታችን ጩኸት ኦልቦርግ ድረስ ከተሰማሽ ሰበቡ እኔ ነኝ።

ሞርተንን ሰላም በይልኝ፤ የሚተኛበትን ስብከት በሰላም ይተኛ። ሕፃኑን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ። አማትሽን ስለላኩልኝ ካልሲ አመስግኝልኝ፤ ለዳንያል የት እንዳለ አልነግራቸውም። እማዬ «አንገትሽን ሸፍኚ» ብላለች። ማርዩን የወለቀውን ጥርሷን በፖስታው ልትልክልሽ ነበር፤ ከለከልኋት። አያታችን «ትጸልያለች ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ እኔ ስለ አንቺ አዎ ብያለሁ፤ እንዳታዋርጂኝ። አባዬ ሰላም ብሎሻል፤ ማለት ደብዳቤ እየጻፍሁልሽ መሆኑን ስነግረው ትኩስ ዳቦ ቆርሶ እጄ ላይ አኖረ።

ይህን የደብዳቤውን መጨረሻ የምጽፈው የሥጋ ማድረቂያው ጎጆ ውስጥ፣ በተሰቀሉት በጎች መካከል ተደብቄ ነው። ለእራት አንድ ቅልጥም አምጣ ተብዬ ከተላክሁ ግማሽ ሰዓት ሆነኝ፤ ከአንዱ ላይ ትንሽ ቆርጬም እየቀመስሁ ነው። አሁን በሩ ተከፈተ። አባዬ ነው። ወረቀቱንም ቢላዋውንም አየ።

«ብ… ብ…» እያለ ነው። እስከ ዛሬ ገና ሲጀምር እንዳይቸገር ብዬ «አቤት!» እለው ነበር፤ ስሜን ጨርሶ ሲጠራኝ ሰምቼ አላውቅም ማለት ነው። ዛሬ አልቀደምሁትም። ብዕሬን ይዤ እየጠበቅሁት ነው። እሱም አልተወውም። «ብ… ብራ… ብራንዱር!»

አቤት፣ አባዬ።

ኖርዳቪክ፣ ፋሮ ደሴቶች
ኖቬምበር 15 ቀን 1994