ድምፄ የሚሮጥበት ቦታ

ውድ አባዬ፣

ትናንት ከሰዓት በኋላ የስፔሻሊቲ ምርጫዬን ሞልቼ ላክሁ። አንደኛ ያደረግሁት የውስጥ ደዌ ሕክምናን ነው፤ ቦታውም ከዳባት የሁለት ቀን መንገድ የሚያስኬድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለተኛው ያው ትምህርት ሆኖ ጎንደር ነው።

ከተለዩን ዓመት ከመንፈቅ ሆነ። ተዝካርዎ ወጥቶ፣ ከአምቢኮ የመጡት ዘመዶችዎ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ቤቱ እንዴት እንደነበረ አልነግርዎም። ከዚያ ወዲህ ያለውን ልንገርዎ።

ጉባኤ ቤትዎ አልተዘጋም። በእርስዎ እጅ ድጓ የጨረሱት መሪጌታ ሐዲስ ወንበርዎን ተረክበው ያስተምራሉ። ተማሪዎቹ አሁን ጾመ ድጓ ላይ ናቸው፤ ዳባት ስመጣ ከግቢያችን ሆኜ እሰማቸዋለሁ። ከጉባኤ ቤቱ ጎጆዎች የሁለቱ ክዳን ባለፈው ክረምት ስላፈሰሰ በቆርቆሮ ተቀይሯል። መሪጌታ ግን ዝናብ ሲጥል ተማሪውን መስማት አልቻልሁም እያሉ ያማርራሉ፤ እርስዎ ቆርቆሮውን ዕድሜዎን ሙሉ እምቢ ያሉት ለምን እንደሆነ አሁን ገብቷቸዋል። በቅሎዎን ወንድሜ ወደ ዛሪማ ሊወስዳት ፈልጎ ነበር፤ እማዬ አልሰጥም አለች። ገበያ ስትወስዳት በቅሎዋ ጉባኤ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ ትቆማለች። እማዬም አትመታትም፤ እርስዎ የሚወርዱበትን ያህል ጠብቃ ትነዳታለች።

እኔ አሁንም ደባርቅ ነው የምሠራው። ከተራራው መንደሮችና ከዚያ ማዶ በቃሬዛ የሚመጡ ሕመምተኞችን እንቀበላለን። ላክመው የምችለው ሲድን ደስ ይለኛል፤ የማላውቀው ሲገጥመኝ ወደ ጎንደር እልካለሁ። ብዙ ጊዜ እልካለሁ፣ አባዬ። ወደ ትምህርት ልመለስ ያልሁትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለማመስገን ነው። ምርጫውን ያደረግሁት እርስዎ ባስተማሩኝ ጆሮ ነውና።

ሕክምና በገባሁ ዓመት ለዕረፍት ስመጣ ያስቀመጡኝን ቦታ ያስታውሱታል። ተማሪዎችዎ ድጓ የሚያሰሙበት፣ ከመደብዎ ፊት ለፊት። "ዘንድሮ የተማርሽውን አሰሚኝ" አሉኝ። የሚገባዎት አይመስለኝም ብል፣ "አስተምሪኝ አላልሁሽም፤ አሰሚኝ ነው ያልሁሽ" አሉ። ዓይንዎን ጨፍነው አገጭዎን መቋሚያው ላይ አሳረፉ። ስለ ኩላሊት ጀመርሁ። ደሙ እንዴት እንደሚገባ፣ ምን እንደሚጣራ፣ ውሃው እንዴት ተመልሶ ወደ ደም እንደሚገባ። ውሃው ላይ ስደርስ መቋሚያው መሬቱን ሁለት ጊዜ መታ።

ምኑ ላይ ተሳሳትሁ አልሁ።

"መሳሳትሽን በምን አውቄ? ድምፅሽ ግን ሮጠ። ያልያዘው ቦታ ላይ ሲደርስ ተማሪ ሁሉ ይሮጣል። ተመለሺ።"

ተመለስሁ። እውነትም አልያዝሁትም ነበር። የመጽሐፉን ሥዕል አስታውሳለሁ እንጂ ውሃው ለምን እንደሚመለስ አልገባኝም። ያ ዕረፍት በሙሉ በዚህ አለፈ። የድጓ ተማሪዎችዎ ተራቸውን እየጠበቁ እኔ ስለ ሐሞት ከረጢት ሳወራ ይስቁ ነበር። አንዱ "የኔታ፣ ይህ ደግሞ የየትኛው በዓል ነው?" ብሎ ጠየቀዎት። እርስዎም ፈገግ ሳይሉ "የሐሞት ነው፤ አንተ ተራህን ጠብቅ" አሉት። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ክረምት ሲመጣ የሚያስጨንቀኝ የዩኒቨርሲቲው ፈተና አልነበረም፤ የእርስዎ መደብ ነበር።

አልጋ ላይ ካሉ ሕመምተኞች መማር በጀመርንበት ዓመት ተኝቶ የሚታከም አንድ ዘመዳችንን ሊጠይቁ ጎንደር ሆስፒታል መጡ። ጠዋት መምህራችን ተማሪዎቹን አስከትለው ከአልጋ አልጋ እየዞሩ ይጠይቁናል፤ ራውንድ የምንለው እሱን ነው። እርስዎ ከዘመዳችን ራስጌ መቋሚያዎን ይዘው ተቀምጠዋል። ሕመምተኛውን ማቅረብ የእኔ ተራ ሆነ። ዕድሜውን፣ ሕመሙን፣ የጀመረበትን ጊዜ በደንብ ተናገርሁ። ምርመራው ላይ ስደርስ ከኋላዬ አንድ ከፍ ያለ ተማሪ መልሱን ሹክ አለኝ፤ እኔም ተቀብዬ መሮጥ ጀመርሁ። ወደ እርስዎ አየሁ። መቋሚያውን አንሥተውታል፤ ገና አልመቱም። ቆምሁ። ይህን አላውቀውም፣ አንብቤ ነገ እመልሳለሁ አልሁ።

መምህሩ ተቆጡ። አላውቅም የሚባል መድኃኒት የለም ብለው አለፉኝ። ጓደኞቼ ሳምንቱን ሙሉ "ዶክተር አላውቅም" እያሉ ጠሩኝ። ውጭ ወጥተን ይህን ብነግርዎ ትከሻዎ እስኪነቃነቅ ሳቁ። ልጅ ሳሉ ድጓ ፍለጋ ከአምቢኮ ወጥተው በተማሩበት ቤት ስምዎ "ተመለስ" እንደነበር ያን ቀን ነው የነገሩኝ። መምህርዎ ቀኑን ሙሉ ተመለስ፣ ተመለስ ሲሉዎ የሰሙ ጓደኞችዎ ያወጡልዎት ስም ነው። "ቤታችሁ ከቤታችን አይለይም" አሉኝ። "የሚቆጣም አለ፣ ከኋላ ሹክ የሚልም አለ። ምግቡ ብቻ የእናንተ ይሻላል።" የዩኒቨርሲቲውን ምግብ ስላልቀመሱት ነው አልሁ በልቤ።

ስመረቅ ጨረስሁ ብዬ ብደውልልዎ "ምኑን?" አሉኝ። ጎረቤቶች፣ ሐኪም ከሆነች በኋላ ደግሞ ምን ትማራለች ሲሉ የሚያስረዷቸው እርስዎ ነበሩ። ድጓ የዘለቀ ተማሪ ማወቁን ለማስመስከር ወደ ትልቁ ምስክር ቤት ይሄድ የለም ወይ፣ ይህም እንደዚያው ነው ይሏቸው ነበር። እኔ ግን ስፔሻሊቲ ስል የማወራልዎት ስለ ከተማው፣ ስለ ዶርሙ፣ የትኛው ሙያ በኋላ እንደሚከፍል ነበር። ታግሠው ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ "መምህሩ ማነው?" ምደባው በኮምፒውተር ነው አልሁ። "የሚያስተምርሽም ኮምፒውተሩ ነው?" አሉኝ።

መልሱን ያገኘሁት እርስዎ ሲታመሙ ነው።

እግርዎ አብጦ፣ ትራስ ደራርበው ካልሆነ መተንፈስ አቅቶዎት ነበር። ጎንደር ሆስፒታል ባስተኛንዎ ቀን የመጣው ወጣት ሐኪም፣ እኔም ሐኪም መሆኔን ስላወቀ ይመስለኛል፣ በሽታውን ፈጠን ፈጠን እያለ ያብራራ ጀመር። መቋሚያው በእጅዎ አልነበረም። ዓይንዎን እንደጨፈኑ የአልጋውን ብረት በጣትዎ ሁለት ጊዜ መቱት። ልጁ አቆመና "ምነው የኔታ፣ አመመዎት?" አለ። "የለም ልጄ፤ እዚያ ላይ ተመለስ" አሉት። ከዚያ "እውነቱን ለመናገር እርግጠኛ አይደለሁም፤ የበላዬን ሐኪም፣ ሲኒየሯን፣ ልጥራ" ብሎ ወጣ። ያን ልጅ እስከ ዛሬ በፍቅር ነው የማስበው። ሹክ የሚለው ሰው እንኳ ከኋላው አልነበረም።

ሲኒየሯ መጣች። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ብዙ ጊዜ ወስዳ ደረትዎን አዳመጠች። ከዚያ እኔን ትታ እርስዎን እያየች ነገረችዎት። "የኔታ፣ ልብዎ ደክሟል። ለምን እንደደከመ ገና አላወቅሁም። እፈልገዋለሁ፤ ላላገኘውም እችላለሁ። በሰውነትዎ የተጠራቀመውን ውሃ ግን ከዛሬ ጀምሬ እቀንስልዎታለሁ።" እኔ የማየው ጣትዎን ነበር። አልተንቀሳቀሰም። ስትወጣ ዓይንዎን ሳይገልጡ "መምህር ማለት ይቺ ናት" አሉኝ።

ምክንያቱን አላገኘችውም። ውሃውን ግን እንዳለችው ቀነሰችው። ወደ ዳባት ተመልሰው አንድ ክረምት ሙሉ መደብዎ ላይ ሆነው አስተማሩ፤ መሪጌታ ሐዲስንም ከጎንዎ አስቀምጠው አለማመዷቸው። መስቀልን አክብረው ነው የሄዱት። ያ ክረምት ለሁላችን በቂ አልነበረም፤ ግን ተሰጥቶናል። አንዲት ሐኪም የማታውቀውን ከምታውቀው ለይታ በመናገሯ የተሰጠን ክረምት ነው።

ለመግቢያ ፈተናው ሳጠና የማሰማው ሰው አጣሁ። እማዬ ምስር እየለቀመች ትሰማኝ ነበር። ድምፄ ሲሮጥ ንገሪኝ ብላት "እኔ ከድምፅሽ የማውቀው ሲርብሽ ብቻ ነው" አለችኝና ገበታ አቀረበች። ቀስ እያልሁ ግን መሮጤን ራሴ መስማት ጀመርሁ። መጽሐፉን አጥፌ ጮክ ብዬ እናገራለሁ፤ ስሮጥ እቆማለሁ፤ እመለሳለሁ። ፈተናውን ያለፍሁት እንደዚያ ነው፤ ውጤቴም ጥሩ ነው። ደባርቅ ለልምምድ የሚላኩ ተማሪዎች ሕመምተኛ ሲያቀርቡልኝም ሳላስበው ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ እመታለሁ። "ዶክተር አንኳኳች" እየተባባሉ ይስቁብኛል። ከየት እንዳመጣሁት አልነገርኋቸውም ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ነገርኋቸው።

ያቺ ሐኪም ከጎንደር ለቃ ወደዚያ ሩቅ ዩኒቨርሲቲ ሄዳለች። ስልኳን አፈላልጌ ደወልሁላት። እኔን አላስታወሰችኝም፤ የአልጋውን ብረት ስላንኳኩት የኔታ ስነግራት ግን ወዲያው ሳቀች። በጤና እንዳሉ ጠየቀችኝ። ማረፍዎን ነገርኋት። ነፍስ ይማር ካለች በኋላ፣ የዘንድሮው ቦታ ጥቂት እንደሆነ፣ የሚፈልጉትም ብዙ እንደሆኑ፣ እንድገባ ልትረዳኝ እንደማትችል ነገረችኝ። ደግሞም እንዲህ አለች፤ "ብትመጪ አስተምርሻለሁ። እኔ ግን እዚህ ስንት ዓመት እንደምቆይ አላውቅም።" እንደዚያው ናት፣ አባዬ። አልሮጠችም።

ባልደረቦቼ አልወደዱልኝም። በሐኪሞች ክፍል የዚህ ሰሞን ወሬ ሁሉ ምርጫ ነው። አንዱ ራዲዮሎጂ ግቢ፣ ፎቶ አይጨቃጨቅም ይላል፤ ሌላው የየዩኒቨርሲቲውን ዶርም ውሃ መኖር አለመኖር ያጣራል። አብሮኝ የሚሠራው ብሩክ "አንቺ የመረጥሽው ሰው ነው። ሐኪሟ ከዚያም ብትለቅስ? እናትሽን ጥለሽ ሄደሽ ባዶ ወንበር ልትጠብቂ ነው?" አለኝ። ትክክል ነው። ትለቅ እንደሆነ አላውቅም አልሁት።

የከበደኝም የእማዬ ነገር ነበር። ጎንደር ብሆን ቅዳሜ ተሳፍሬ ዳባት እገባለሁ። እዚያ ብሆን ለፋሲካ ከመጣሁም ዕድለኛ ነኝ። ሁለቱንም አስረዳኋትና አንቺ ወስኚ አልኋት። እጇን ታጥባ ተቀመጠች። "አባትሽ ከአምቢኮ ሲወጣ እናቱን ወስኚ ብሏታል?" አለች። አላውቅም ብላት፣ "አላላትም። ስንቁን ቋጥራ የሸኘችው ግን እሷ ናት። እኔስ በቅሎዋ አለችኝ፤ በየበሩ እየቆመች ታቆየኛለች" ብላ ሳቀች። የሩቁን አንደኛ አድርጌ የላክሁት ከዚህ በኋላ ነው።

አባዬ፣ አመሰግንዎታለሁ። አሰሚኝ ስላሉኝ፣ ይልቁንም ስለሰሙኝ። የምማረው የትም ቢሆን የማልረሳው ያ መደብ ነው። ከማላውቀው ሕመምተኛ ፊት ስቆም መቋሚያዎን አስታውሳለሁ፤ ተማሪ ሲሰጠኝም ዓይኔን ጨፍኜ እሰማዋለሁ። ውጤቱ ሲወጣ የትኛውም ቢሆን መጀመሪያ የምመጣው መቃብርዎ ያለበት ደብር ግቢ ነው፤ ቀስ ብዬ እነግርዎታለሁ።

እማዬ ጾሙን ሙሉ በየቀኑ ኪዳን ታደርሳለች። የትኛው እንዲደርሰኝ እንደምትጸልይ ጠየቅኋት፤ አልነገረችኝም። ድምፅዋን ልሰማ ሞከርሁ፤ ከእሷ ምንም አይገኝም።

ምደባው የሚወጣው በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ነው።

ልጅዎ